ኪራይ ከግብር ይቀነስ ሲባል፦ ገንዘቡ ማን ኪስ ይገባል?

በአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ፣ ወይም ጥር ላይ የየስቴቱ ምክር ቤቶች ሥራ ሲጀምሩ፣ «የቤት ኪራይ ከታክስ ሊቀነስ ነው» የሚል ወሬ አይጠፋም። ወሬው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌዎች ውስጥ አንድ ዙር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሌላ ዙር ከዞረ በኋላ የሚያርፈው ታክስ ሠሪዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ደንበኛው የዓመቱን የኪራይ ደረሰኝ በፌስታል ቋጥሮ ይመጣና «ይኼንንም ቀንስልኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አይቀነስም» ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ይገባሃል፣ ግን በዚህ ፎርም አይደለም» ነው። ሁለተኛውን መልስ የሚነግረው ሰው ያጣ ተከራይ በየዓመቱ ገንዘቡን ጥሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ አሁን ያለውን ሕግ እንይ። የፌዴራሉ የገቢ ግብር ለመኖሪያ ቤት የተከፈለን ኪራይ አይቀንስም። የሱቅ ኪራይ ለነጋዴው ወጪ ሆኖ ይያዝለታል፤ ኡበር የሚነዳ ሰው የመኪና ወጪውን ያስይዛል፤ ሰውየው ማታ የሚያድርበት ክፍል ኪራይ ግን የግል ወጪ ነው። አብዛኞቹ ስቴቶች የየራሳቸው የገቢ ግብር ስላላቸው መንገዳቸው ይለያያል። ማሳቹሴትስና ኢንዲያና ኪራይን በከፊል ይቀንሳሉ። ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ በክሬዲት መልክ፣ ማለትም ከገቢው ሳይሆን ከግብሩ ላይ በመቀነስ፣ ይሰጣሉ። ቨርጂኒያ ለተከራይ እንዲህ ያለ የስቴት ክሬዲት የላትም። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ፣ በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ እኩል ኪራይ የሚከፍሉ ሦስት ሰዎች የፖቶማክን ወንዝ ወይም የዲሲን ድንበር በመሻገርና ባለመሻገር ብቻ ሦስት ዓይነት መልስ ያገኛሉ።

ጥያቄው ለምን ይነሣል?

ተከራይ «እኔስ?» የሚለው ባለቤቱን አይቶ ነው። በአሜሪካ ቤት የገዛ ሰው የሞርጌጁን፣ የቤት ብድሩን፣ ወለድ ከገቢው መቀነስ ይችላል። ይህ መብት ሰው ቤት እንዲገዛ ታስቦ የተሰጠ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1913 የገቢ ግብር ሲጀመር ማንኛውም ወለድ ይቀነስ ነበር። በ1986 የግብር ሕጉ ሲሻሻል የክሬዲት ካርድና የመሳሰለው የግል ብድር ወለድ ተሠረዘ፤ የቤቱ ግን ተረፈ። ዛሬ እስከ 750,000 ዶላር ለሚደርስ የቤት ብድር ወለዱ ይቀነሳል። የንብረት ግብርም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይቀነሳል። ቤቱን ኖሮበት የሸጠ ሰው ደግሞ ካተረፈው ላይ እስከ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ እስከ 500,000 ዶላር ግብር አይነካውም።

ትልቁ ጥቅም ግን በየትኛውም ፎርም ላይ አይጻፍም። ሁለት እኅትማማቾች አሉ እንበል፤ ጎን ለጎን ተመሳሳይ ቤት አላቸው። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቤት ሲኖሩ ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቃቸው ነገር የለም። አሁን ቤት ተቀያየሩ። ታላቂቱ የታናሺቱን ተከራየች፣ ታናሺቱም የታላቂቱን፤ በወር 2,500 ዶላር ይከፋፈላሉ። በኑሯቸው የተለወጠ ነገር የለም፤ ገንዘቡም ከአንዷ ወጥቶ ወደ ሌላዋ ይመለሳል። በግብር ዓይን ግን ሁለቱም በዓመት 30,000 ዶላር የኪራይ ገቢ ያላቸው አከራዮች ሆኑ። ወጪያቸውን ቀንሰው በቀረው ላይ ግብር ይከፍላሉ። የከፈሉትን ኪራይ ግን መቀነስ አይችሉም። ባለቤት ለራሱ የሚያከራየው ቤት ግብር የለበትም ማለት ነው፤ ተከራይ ደግሞ ኪራዩን የሚከፍለው ግብር ከተቆረጠለት ደመወዝ ላይ ነው።

«ተከራይም ይቀነስለት» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፤ እንደ ሐሳብ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው በአፈጻጸሙ ነው። ከባለቤት ጋር ለማስተካከል ተብሎ በባለቤቱ መሣሪያ፣ በተቀናሽ፣ ሲሞከር ገንዘቡ የሚደርሰው ለታሰበለት ሰው አይሆንም። በቁጥር እንየው።

ሦስት ቤተሰቦች

የመጀመሪያዋ ብቻዋን ትኖራለች፤ የነርስ ረዳት ናት፤ በዓመት 45,000 ዶላር ታገኛለች፤ በወር 1,800 ዶላር ኪራይ ትከፍላለች። ሁለተኛው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ እሱም ብቻውን ነው፤ 150,000 ዶላር ያገኛል፤ ኪራዩ 4,000 ዶላር ነው። ሦስተኛዎቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ፓርኪንግ፣ አንዷ ጽዳት ሠርተው በዓመት 40,000 ዶላር ያገኛሉ፤ ኪራያቸው 2,000 ዶላር ነው።

የ2025ን የፌዴራል ሕግ እንያዝ። ሁሉም ሰው ያለ ምንም ደረሰኝ የሚቀነስለት መደበኛ ተቀናሽ፣ ታክስ ሠሪዎች ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚሉት፣ ለነጠላ 15,750፣ ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነው። ከዚያ የቀረው ገቢ በእርከን ግብር ይጣልበታል። የነርስ ረዳቷ የመጨረሻ ዶላር የሚወድቀው 12 በመቶ እርከን ላይ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው 24 በመቶ ላይ ነው።

«እስከ 4,000 ዶላር ኪራይ ከገቢ ይቀነስ» የሚል ሕግ ወጣ እንበል። ተቀናሽ ማለት 4,000 ዶላር በእጅ መቀበል አይደለም፤ በዚያ 4,000 ላይ ይከፈል የነበረው ግብር ይቀራል ማለት ነው። ለነርስ ረዳቷ 480 ዶላር ነው። ለኮምፒውተር ባለሙያው 960 ዶላር። በሕጉ ቋንቋ ሁለቱም «እኩል» ተቀንሶላቸዋል፤ የበለጠ የሚያገኘው እጥፉን ወሰደ። ጣሪያው ቢነሣና ኪራዩ በሙሉ ቢቀነስ ልዩነቱ ይብሳል፤ እሷ ወደ 2,500፣ እሱ ከ11,000 ዶላር በላይ ይቀርላቸዋል።

ባልና ሚስቱስ? ከ40,000 ላይ 31,500 ሲቀነስ 8,500 ይቀራል፤ 10 በመቶው 850 ዶላር ነው። ይህን 850 ዶላር ግን የልጆቻቸው ክሬዲት አስቀድሞ አጥፍቶታል፤ በ2025 ለአንድ ልጅ 2,200 ዶላር ነውና። ግብራቸው ቀድሞውኑ ዜሮ ነው። ከዜሮ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። በዓመት 24,000 ዶላር፣ ከገቢያቸው ከግማሽ በላይ፣ ለኪራይ የሚያወጡት እነዚህ ሰዎች ከአዲሱ ሕግ የሚያገኙት አንዲት ሳንቲም የለም። ኪራይ በይበልጥ የከበደው ሰው ከተቀናሹ የሚያገኘው ምንም ነው። የጠቅላላው ነገር ቁልፍ ይህ ስለሆነ ብዙ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በአሜሪካ ሁለት ዓይነት ተቀናሽ አለ። አንደኛው መደበኛውን ተቀናሽ የወሰደም ያልወሰደም የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው ወጪን በዝርዝር ለሚያቀርብ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን የመረጠ መደበኛውን ይተዋል። ከ2018 ወዲህ መደበኛው ተቀናሽ ስላደገ ከአሥር ግብር ከፋዮች ዘጠኙ ገደማ ዝርዝር አያቀርቡም። የሞርጌጅ ወለድ ራሱ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ብዙ ባለቤቶችም የማይጠቀሙበት ለዚህ ነው። የኪራይ ተቀናሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከተሸጎጠ የነርስ ረዳቷ 480 ዶላር እንኳ ይጠፋል፤ 4,000 ዶላር ኪራይና የስቴት ግብሯ ተደምረው 15,750 አይሞሉማ። ፖለቲከኛው ቃሉን ጠበቀ፣ ሕጉም ጸደቀ፣ እሷ ጋ ግን ምንም አልደረሰም። የረቂቅ ሕግ ዜና ስታነቡ የተቀናሹን መጠን ከማየታችሁ በፊት የት ቦታ እንደተቀመጠ እዩ።

ስቴቶቹ ምን ያህል ይሰጣሉ?

ማሳቹሴትስ የዓመት ኪራይን ግማሽ ትቀንሳለች። ጣሪያው ለብዙ ዓመታት 3,000 ዶላር ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ 4,000 ሆነ። ለውጡ ትልቅ የግብር ቅነሳ ተብሎ በተነገረ ጥቅል ሕግ ውስጥ የገባ ነው። የስቴቱ የገቢ ግብር 5 በመቶ ስለሆነ ተከራዩ ቢበዛ 200 ዶላር ይተርፈዋል፤ ከጭማሪው የተገኘው 50 ዶላር ነው። ቦስተን ውስጥ 200 ዶላር የስንት ቀን ኪራይ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኢንዲያና እስከ 3,000 ዶላር ትቀንሳለች፤ ግብሯ 3 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ጥቅሙ 90 ዶላር ገደማ ነው።

ካሊፎርኒያ ክሬዲት ነው የምትሰጠው፤ ለነጠላ 60፣ ለባልና ሚስት 120 ዶላር። መጠኑ የተወሰነው በ1979 ነው። በ2022 ወደ 500 እና 1,000 ዶላር የሚያሳድግ ረቂቅ ለስቴቱ ሴኔት ቀርቦ ነበር፤ በተግባር ግን ተከራዩ ጋ የደረሰ ለውጥ አልነበረም። ክሬዲቱ ተመላሽም የለውም።

«ተመላሽ» የሚለው እዚህ ማብራሪያ ይፈልጋል። ክሬዲት ከገቢው ሳይሆን ከግብሩ ላይ በቀጥታ ይቀነሳል፤ የ1,000 ዶላር ክሬዲት ለሁሉም 1,000 ዶላር ነው፣ እርከን አይጠይቅም። ተመላሽ የሌለው ክሬዲት ግን ግብሩ ዜሮ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ተመላሽ ያለው ትርፉን በቼክ ይልካል። ያን ባልና ሚስት መልሱና አስቧቸው፤ 1,000 ዶላር ተመላሽ ያለው ክሬዲት ቢሰጥ 1,000 ዶላር እጃቸው ይገባል፤ ተመላሽ ከሌለው አሁንም ምንም የለም። በተቀናሽና በክሬዲት መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ ድሃውን የሚነካው ይኼኛው ነው፤ ዜናዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል።

በዋሽንግተን የቀረቡት ሐሳቦች

በ2018 ካማላ ሃሪስ፣ ያኔ የካሊፎርኒያ ሴናተር የነበሩት፣ ለተከራዮች ተመላሽ ያለው የፌዴራል ክሬዲት የሚሰጥ ረቂቅ አቀረቡ። የኒው ጀርሲው ሴናተር ኮሪ ቡከርም በዚያው ዓመት የራሳቸውን አቀረቡ። የሁለቱ መነሻ አንድ ነው፦ ሰው ከገቢው ከ30 በመቶ በላይ ለኪራይ ሲከፍል፣ ከ30 በመቶ በላይ ያለውን መንግሥት ይጋራው። በሃሪስ ረቂቅ ገቢው እስከ 25,000 ዶላር የሆነ ልዩነቱን በሙሉ፣ እስከ 50,000 የሆነ 75 በመቶውን ያገኛል፤ ገቢ ሲጨምር ድርሻው እየቀነሰ ይሄዳል። ኪራዩ ራሱ በአካባቢው ከሚገመተው ዋጋ ጋር የተያያዘ ጣሪያ አለው።

ለባልና ሚስቱ እናስላው። ከ40,000 ዶላር 30 በመቶው 12,000 ነው። ኪራያቸው 24,000። ልዩነቱ 12,000፤ 75 በመቶው 9,000 ዶላር ይሆናል። በተቀናሹ ዜሮ ያገኙ ሰዎች በዚህ ስሌት 9,000 ዶላር ያገኛሉ። የኮምፒውተር ባለሙያው ገቢው ከረቂቁ ጣሪያ በላይ ስለሆነ ምንም አያገኝም። ገንዘቡ በዓመት አንዴ ሳይሆን በየወሩ እንዲከፈል የሚያስችል መንገድም ነበረበት፤ ኪራይ በየወሩ የሚመጣ ዕዳ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዚህ ዓይነት ረቂቆች ከዚያ ወዲህም ተመልሰው ቀርበዋል፤ አንዱም ሕግ አልሆነም። ወጪው ከባድ ነው። ኮንግረስ በ2025 ያጸደቀው ሰፊ የግብር ሕግ መደበኛውን ተቀናሽ ከፍ አድርጓል፤ የ750,000 ዶላሩን የሞርጌጅ ጣሪያ ቋሚ አድርጓል፤ ለተከራይ የተለየ ነገር አልያዘም።

አከራዩስ?

ታክስ ሠሪ ጋ የማይነሣ፣ ኢኮኖሚስቶች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ተከራይ ሁሉ በዓመት 2,000 ዶላር ተጨማሪ እንደሚያገኝ የታወቀ ጊዜ፣ አከራይ ዝም ይላል? የቤቱ ቁጥር ካልጨመረ ለዚያው አፓርትመንት የሚሻሙት ሰዎች ሁሉ ኪሳቸው ትንሽ ከብዷል፤ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ ሲታደስ ኪራዩ ይከተላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ የኪራይ ድጎማ ብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች እንዲያካትት ከተስፋፋ በኋላ ምን እንደሆነ ያጠናችው ጋብሪየል ፋክ፣ በ2006 ባሳተመችው ጥናት፣ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ዩሮ 78 ሳንቲሙ በኪራይ ጭማሪ ወደ አከራይ እንደሄደ አግኝታለች።

ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ለተከራይ ምንም አይሰጥ» ማለት ግን ችኮላ ይመስለኛል። አከራይ ሊያስከፍል የሚችለው የሚያየውን ነው። ሁሉም ተከራይ የሚያገኘው፣ መጠኑ የታወቀ ተቀናሽ በቀላሉ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ለጥቂቶች፣ በገቢያቸው መጠን፣ ከዓመት በኋላ በቼክ የሚመጣ ክሬዲት ግን ለአከራዩ የተሰወረ ነው፤ ከጎረቤት ክፍሎች የትኛው እንዳገኘ አያውቅም። ጠበብ ያለው ፕሮግራም ከሰፊው ይልቅ ተከራዩ ጋ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ብዬ የማስበው ለዚህ ነው። ቤት የማይሠራበት ከተማ ውስጥ ግን የትኛውም ክሬዲት ለዘለቄታው ኪራይ አያረክስም።

ቤዝመንቱና ደረሰኙ

ወደ እኛ ሰው እንምጣ። አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው በዘመድ ወይም በወዳጅ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ክፍል ወይም ቤዝመንት፣ የቤቱን ምድር ቤት፣ ይከራያል። ውሉ ቃል ነው፤ ክፍያው በካሽ ወይም በዜል፣ በስልክ በሚላክ የባንክ ገንዘብ፣ ነው፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ማንም ማንንም ለማታለል አይደለም፤ ጋሼ እገሌን «ደረሰኝ ይጻፉልኝ» ማለት ነውር ስለሚመስል ነው።

የኪራይ ተቀናሽም ሆነ ክሬዲት ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ኪራይ ከፈልኩ ያለ ሰው ለማን እንደከፈለ ይጠየቃል፤ ለማን እንደከፈለ ሲጽፍ ደግሞ የአከራዩ ገቢ በመዝገብ ይታያል። አንዳንድ አገሮች ይህን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። በህንድ ደመወዝተኛ የኪራይ አበሉን ከግብር ነፃ ለማድረግ ዓመታዊ ኪራዩ ከ100,000 ሩፒ ካለፈ የአከራዩን የግብር መለያ ቁጥር ማቅረብ አለበት። ተከራዩን መጥቀም አከራዩን የማግኛ መንገድም ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ በቤዝመንት ኪራይ ላይ ጥቅሙ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ይሆናል፤ አንዱ ሲያመለክት ሌላው ይጨነቃል። እዚህ ላይ አከራዮች ከሚገባው በላይ የሚፈሩ ይመስለኛል። የኪራይ ገቢውን ያሳወቀ ሰው ለተከራየው ክፍል የሚደርሰውን የሞርጌጅ ወለድ፣ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ይቀንሳል፤ የሕንፃውን ዋጋ በ27.5 ዓመት ከፋፍሎ የእርጅና ተቀናሽ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ወጥቶ የሚቀረው ግብር ብዙ ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ነው። እርግጥ ሌላም ፍርሃት አለ፤ የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲም ሆነ ዲሲ ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ መስኮቱ የጠበበ፣ መውጫ የሌለው ቤዝመንት ፈቃድ አያገኝም። የእንዲህ ዓይነቱ ቤት ባለቤት ተከራዩ ፎርም እንዲሞላ የማይፈልገው በግብር ብቻ ተነሥቶ አይደለም፤ ተከራዩም ቢሆን እዚያ ከማደሩ በፊት ሊያስብበት ይገባል።

አገር ቤትም ጉዳዩ ከዚህ አይርቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ደንግጓል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከኪራይ ገቢው ግማሹ ለወጪ ተብሎ እንዲቀነስለት አድርጓል። የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ግን የኪራዩን አንዲት ብር ከደመወዝ ግብሩ አያስቀንስም። ውሉ አሁን በመዝገብ ላይ ስላለ፣ ወደፊት «ለተከራይስ?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ማስረጃው አለ ማለት ነው።

አሁን ያለው፣ ሳይወሰድ የሚቀረው

ረቂቅ ሕጉ መጣም ቀረም፣ ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ ለተከራይ የተቀመጠ ገንዘብ አለ። የሁለቱም አስተሳሰብ አንድ ነው፤ ተከራይ የንብረት ግብር በስሙ ባይከፍልም አከራዩ ኪራዩ ውስጥ አስገብቶ ያስከፍለዋል፤ ስለዚህ ከኪራዩ የተወሰነው እንደ ንብረት ግብር ይቆጠርለት የሚል ነው።

ዲሲ 20 በመቶውን ትቆጥራለች። ፎርሙ ስኬጁል ኤች ይባላል። በዓመት 40,000 ዶላር የሚያገኝና በወር 1,500 የሚከፍል ተከራይን እንውሰድ። የዓመት ኪራዩ 18,000፣ 20 በመቶው 3,600 ነው። ሕጉ እንደ ገቢው መጠን ከገቢ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያለውን ራስህ ቻል ይለዋል፤ በዚህ ሰው ገቢ 4 በመቶ፣ ማለትም 1,600 ነው። ልዩነቱ 2,000 ሆነ። ክሬዲቱ በየዓመቱ የሚስተካከል፣ ከ1,000 ዶላር ከፍ ያለ ጣሪያ ስላለው ሙሉውን 2,000 አያገኝም፤ ጣሪያውን ያገኛል። ተመላሽ ያለው ነው። የገቢ ግብር የማስታወቅ ግዴታ የሌለበት ሰውም ስኬጁል ኤችን ብቻውን ማስገባት ይችላል። የገቢ ጣሪያ አለው፤ ለ70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ከፍ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ዲሲ መኖር ያስፈልጋል፤ ሰኔ ላይ ወደ ሜሪላንዷ ሃያትስቪል የተሻገረ ሰው የዚያን ዓመት አያገኝም። የመንግሥት ቤት ውስጥ የሚኖርም አይገባውም፤ ያ ቤት የንብረት ግብር አይከፈልበትምና።

ሜሪላንድ 15 በመቶውን ትቆጥርና እስከ 1,000 ዶላር ትሰጣለች። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆኑ ያመለክታሉ፤ ከ60 በታች የሆነ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ጥገኛ ልጅ ካለውና ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ። እኛ ዘንድ በይበልጥ የሚመለከተው በራሳቸው ኪራይ የሚኖሩ እናቶችንና አባቶችን ነው። ሲያመለክቱ ግብር የማይከፈልበትን ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥት ጡረታ፣ ጨምሮ የቤቱን ጠቅላላ ገቢ መጻፍ አለባቸው። የንብረታቸው ዋጋ ከ200,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። በስቴቱ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርና የሊዝ ወይም የክፍያ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። የሚኖሩበት ሕንፃ ከንብረት ግብር ነፃ ከሆነ አያገኙም፤ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ያሉ ሰዎች ከማመልከታቸው በፊት ይህን ማኔጅመንቱን ይጠይቁ።

የሜሪላንዱ ማመልከቻ ከገቢ ግብሩ ጋር አይያያዝም። የሚገባው ለስቴቱ የንብረት ግምትና ግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው። ሚያዝያ ላይ ታክስ ሠርቶ «ጨረስኩ» ያለ ሰው የሚያመልጠው በዚህ ነው፤ ታክስ ሠሪው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ይህን ፎርም አይጠይቅም፣ አከራዩም አያስታውስም። ቅጹን ራሳችሁ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ፣ የዓመቱን የኪራይ ክፍያ ማስረጃ አያይዛችሁ ትልካላችሁ። ቼኩ በቀጥታ በተከራዩ ስም ይመጣል።